ለሠዓሊዋ ልጄ ያገኘነው የምክር አገልግሎት፦ አሠራሩ፣ ዋጋው፣ ያጎደለው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ያለ አንድ ትንሽ የምክር ቢሮ ልጄን ከአንድ የትምህርት ዘመን በላይ ሲከታተላት ቆይቷል። የቢሮውን ስም አልጽፍም። የማወራው የልጄን ጉዳይ ስለሆነ፣ ስሙን ከጠራሁ ለሰፈራችን ሰው እሷን በጣት እንደማሳየት ይሆንብኛል። ሌላውን ግን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ምን እንደሚሠሩ፣ ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ ለእኛ ለሐበሾች የት ላይ እንደሚጎድሉ። አስቀድማችሁ ፍርዴን ማወቅ ለምትፈልጉ፦ ገንዘቡ ይከብዳል፣ ሥራው ግን የታመነ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከሌላ ወጪ ቀንሼ እከፍል ነበር።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ትስላለች። የራሷ ፊደል፣ የራሷ አውቶቡስ መስመርና የራሷ ሕግ ያላት አንዲት ከተማ አለቻት፤ ከተማዋ በብዙ ደብተሮች ላይ እያደገች መጥታለች። ሥዕሉን ሰው ሁሉ ያደንቃል። አብሮት የሚመጣውን ግን የሚያየው ቤተሰብ ብቻ ነው። ሹራቧ ላይ የተሰፋው የመለያ ጨርቅ አንገቷን ሲነካት ታለቅሳለች። የትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት ጫጫታ ቀኑን ሙሉ ራሷን ያማታል። ገና በስምንት ዓመቷ ስለ ሞት የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች እናቴን መልስ ያሳጧት ነበር። አንድ መስመር ካልጣማት የሳምንት ሥራዋን ቦጫጭቃ ትጥላለች፤ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ያለቻት አንዲት ጓደኛ ከነቤተሰቧ ቴክሳስ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ልጄ ምሳዋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መብላት ጀመረች፣ ቆይቶም መሳሉን ጭራሽ ተወችው።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ። እናቴ «ዓይን ነው የበላት» ብላ ጠበል አመጣች። አባቷ ስልኩ ይወሰድባት አለ። ትምህርት ቤት ሄጄ ስናገር ውጤቷ ጥሩ ስለሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም ተባልኩ። ውጤት ጥሩ ሆኖ ልጅ ሊጠፋ እንደሚችል ማንም ሊሰማኝ አልፈለገም። «ካውንስለር ጋ ውሰጃት» ብለው የገፋፉኝ፣ ብዙ ሰው አይገምትም፣ የንስሐ አባታችን ናቸው። «ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይያት፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» አሉኝ።

በመጀመሪያው የስልክ ንግግር (15 ደቂቃ ነው፣ አይከፈልበትም) ካውንስለሯን ከሠዓሊዎች፣ ከሙዚቀኞች፣ ከሚጽፉ ልጆች ጋር ሠርታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። አብዛኞቹ ደንበኞቿ እነሱ እንደሆኑ፣ ራሷም ወደዚህ ሙያ ከመግባቷ በፊት የሸክላ ሥራ ታስተምር እንደነበረ ነገረችኝ። ቀጥላ «ወደ ሥዕል እመልሳታለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ እኔ የማየው ልጅቷን ነው» አለች። እኔ የተሸነፍኩት እዚያ ጋ ነው። ከዚያ በፊት ያነጋገርኩት ሌላ ሰው በስልክ ላይ ብቻ፣ ልጅቷን ሳያይ፣ የበሽታ ስም ሰጥቶኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የወላጅ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ቤት ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር፣ መቼ ወደ አሜሪካ እንደመጣን፣ ስትናደድ በየትኛው ቋንቋ እንደምትናገር ሁሉ ጠየቀችን። ከዚያ «ለማንም ሳታሳይ፣ ለራሷ ብቻ የሳለችው መጨረሻ መቼ ነው?» አለች። እኔና አባቷ ተያየን፤ መልስ አልነበረንም። በዚያው ቀን ሌላ ነገር ከመጀመሯ በፊት ወደ ሕፃናት ሐኪማችን ላከችን። የደም ምርመራው ብረት እንደሚያንሳት አሳየ። የድካሟና የመነጫነጯ አንድ ክፍል ከዚያ ነበር። ይህን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፦ «ተሰጥኦ ስላላት ነው እንዲህ የምትሆነው» ብሎ የሰውነትን ምርመራ የሚዘል ካውንስለር ካጋጠማችሁ አትመለሱ።

ካውንስለሯ ከልጄ ጋር ስትገናኝ ስለ ስሜቷ አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻትም፤ ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት። የጠየቀቻት ስለ ከተማዋ ነው። በዚያ ከተማ ሰው ሲቆጣ ምን ይሆናል? የሚያለቅስ ሰው የት ይሄዳል? ፖሊስ አለ? ልጄ በቤት ውስጥ ለእኔ «ደህና ነኝ» ከማለት የማታልፈዋ፣ ስለ ከተማዋ ሰዎች እያወራች የራሷን ነገር ሁሉ አወጣችው። ክፍሉ ውስጥ ሸክላ፣ ቀለም፣ ከሰል፣ ረዥም ወረቀት አለ። ጣቷ ሲሠራ አንደበቷ ይፈታል።

አባቷን ያስቆጣው የምስጢር ሕጉ ነው። ልጅቷ የምትናገረው እዚያው ይቀራል፤ ለወላጅ የሚነገረው ራሷን ወይም ሌላ ሰው የመጉዳት ነገር ካለ ወይም እሷ ጉዳት እየደረሰባት ከሆነ ብቻ ነው። ይህንንም ካውንስለሯ ልጅቷ ባለችበት አስረዳችን። «ከኪሴ እየከፈልኩ የማላውቀው ነገር?» አለ አባቷ መኪና ውስጥ። አሠራሩን በኋላ የተቀበለው፣ በየጊዜው ወላጆችን ብቻ እየጠራች ምን ማድረግ እንዳለብን ስትነግረን ነው። የልጅቷን ቃል ሳታወጣ ለእኛ የሚሆነውን ትነግረናለች።

ከነገረችን ውስጥ ብዙ ያሳሰበኝ ስለ ዕድሜ ያለችው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አእምሮው የ17 ዓመት ነገር ያስባል፣ ስሜቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሆናል፣ እጁ ደግሞ የ13 ዓመት ነው። በራሷ ውስጥ ያየችውን ሥዕል እጇ ገና ማውጣት ስለማይችል ነው የምትቦጫጭቀው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የተሰበሰቡ ወላጆች፣ አስተማሪዎችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተሰጥኦን በዚሁ ያልተመጣጠነ ዕድገት እንደተረጎሙት ነገረችን። ስለ ፖላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ስለ ካዚሚየርዝ ዳብሮቭስኪም (1902–1980) አወራችን። እሱ አንዳንድ ሰዎች በአምስት በኩል ከሌላው የበለጠ እንደሚነኩ ጽፏል፦ በሰውነት እንቅስቃሴ፣ በስሜት ሕዋሳት፣ በሐሳብ፣ በምናብና በልብ ስሜት። የሹራቡ መለያ፣ የምሳ ቤቱ ጫጫታ፣ የሞት ጥያቄው በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ሳይ እናቴን ጠርቼ አነበብኩላት። ካውንስለሯ ግን ወዲያው አስጠነቀቀችን። ይህ ባሕርይን መግለጫ እንጂ የሕክምና ምርመራ አይደለም፤ እንዲህ የሚነካ ልጅም ድብርት ሊይዘው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። እሷም የድብርት መጠይቁን በየተወሰነ ጊዜ እየደገመች ታስሞላት ነበር።

ለመቦጫጨቁ የሰጠቻት ሥራ ቀላል ነው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ በአንድ ርካሽ ደብተር ላይ፣ ሆን ብላ የማይረባ ሥዕል ትስላለች። ማንም አያየውም፤ አይቀደድም። ልጄ መጀመሪያ እንደ ስድብ ቆጠረችው። አስቀያሚ ነገር ሆን ብሎ መሥራት ለእሷ ሕመም ነበር። ደብተሩ ሲያልቅ ግን ሌላ ለመነችኝ። ከወራት በኋላ እናቴ ምስር ስትለቅም እጇን ስላ አገኘኋት፤ ወረቀቱን አልቀደደችውም። ከተማዋ እስካሁን አልተመለሰችም፤ እኔም አልጠይቃትም።

ለእኛ ለወላጆች ከተሰጡን ሥራዎች የከበደን ሥዕሏን እንግዳ ፊት ማሳየትን መተው ነው። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ልጆች ወጥተው ይሳማሉ፤ ከዚያ «እስቲ ሥዕልሽን አምጪና ለጋሼ አሳዪያቸው» ይባላል። ፍቅር ነው። ካውንስለሯ ይህን አላንቋሸሸችውም፤ ግን እያንዳንዱ ሥዕል ለምስጋና የሚወጣ ከሆነ ልጅቷ የምስጋናውን ሸክም አስቀድማ እያሰበች እንደምትስል አስረዳችን። አሁን ልጅቷ ራሷ ካላመጣች አንጠይቅም። «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ «ይህችን እንዴት አድርገሽ ሠራሻት?» እንላለን። እናቴ ይህን ከሁላችንም በፊት ለመደችው። አጠገቧ ቁጭ ብላ «ልጄ፣ ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?» ትላታለች፤ ልጄም ለሌላው የማትነግረውን በተሰባበረ አማርኛዋ ታስረዳታለች።

ስለ ጓደኛ የነበረኝ ጭንቀት ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ካውንስለሯ አንድ ጓደኛ ሁሉን እንዲሆን መጠበቁን እንድንተው መከረችን። የሚስል ጓደኛ ከእሷ በሦስት ዓመት ሊበልጥ ይችላል፤ የሚያስቃት ጓደኛ ስለ ሥዕል ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ከእኩዮቿ ጋር ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት አብራ መዘመር ይበቃት ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትልልቅ ልጆች ያሉበት የሥዕል ትምህርት አስገባናት። ለትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ተጻፈ፤ በሳምንት አንዳንድ ቀን ምሳዋን ሥዕል ክፍል እንድትበላ ተፈቀደላት። አሁን በካውንቲያችን አይንስታይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላለው የሥዕል ማዕከል ማመልከት እንደምትፈልግ በራሷ አንደበት ተናግራለች። ሥራዎችን ማቅረብ ስለሚጠይቅ ካውንስለሯ ከወዲሁ ስለ «አልተቀበልንሽም» መልስ እያወራቻት ነው።

አንድ ቀን ካውንስለሯ «ከእናንተ ሰዎች ውስጥ አርቲስት ሆኖ የኖረ፣ ልጅቷ ልታየው የምትችል ሰው አለ?» አለችን። እኔ ትዝ ያለኝ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዓመታት አስተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ ያረፈ የእኛ ሰው። ለቢጫ ካርድ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ስንሄድ ልጄን ይዣት ሄድኩ፤ እሱና ከበደች ተክለአብ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕንፃው በአሉሚኒየም የሠሩትን ግድግዳ ረዥም ጊዜ ቆማ አየችው። «እዚህ ከተማ ነበር የሚኖረው? እኛ ባለንበት?» አለች። ዶክተርና ኢንጂነር ብቻ በሚጠራበት ቤት ያደገ ልጅ፣ ሠዓሊ ሆኖ አርጅቶ፣ አስተምሮ፣ ተከብሮ የኖረ ሐበሻ እንዳለ ማየቱ ከብዙ ምክር በላይ ይሠራል። ይህን ጥያቄ ያነሳችው ካውንስለር እንዲህ ያለ ሰው እንዳለን አታውቅም ነበር፤ ጥያቄው ግን የእሷ ነው፣ ምስጋናውም የእሷ ነው።

አሁን ወደ ጎደለው።

በቢሮው አማርኛ የሚናገር ባለሙያ የለም። ለእኔ እንግሊዝኛው አያስቸግረኝም፤ እናቴ ግን ልጄን ከሁላችንም በላይ የምታውቃት ሰው ሆና ሳለ ከውይይቱ ውጭ ቀረች። የሚሞላው ቅጽ ላይ ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናት፣ ልጆች ናቸው። ካውንስለሯ መጀመሪያ ልጅቷ በሯን ዘግታ «አሁን መነጋገር አልፈልግም» ማለት እንድትለማመድ ስትነግራት፣ ያ በእኛ ቤት አያትን መዳፈር እንደሚሆን ማስረዳት ነበረብኝ። አዳምጣ ሌላ መንገድ አገኘን፦ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አያቷን ትስማለች፣ «እማማ፣ ትንሽ ልረፍና እመጣለሁ» ትላለች፤ እናቴም እስክትመጣ አትጠራትም። ሁለቱም ክብራቸው ተጠበቀ። ግን ይህን ሁሉ የማስረዳት ድካም የእኔ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ደግሞ ድካሙ ባይኖር ይሻል ነበር።

የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ልጄ እንደኛ መጾም ፈለገች። ካውንስለሯ የአመጋገብ ችግር እንዳይሆን ሰጋች። በመጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ሆኖም የብረቱን ማነስ ስናስታውስ ስጋቷ ከባዶ አልመጣም። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኩ፤ «ሐኪም ያዘዘላትን ትብላ፣ ሌላ ነገር ትጹም፤ ምላሷን፣ ቁጣዋን» አሉ። ካውንስለሯ ይህን ስትሰማ ማስታወሻ ያዘች። ከማታውቀው ነገር ፊት ዝም ብላ የምትማር ሰው ናት፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

ዋጋው፦ ለ50 ደቂቃ 180 ዶላር። ኢንሹራንስ በቀጥታ አይቀበሉም። ራሳችሁ ከፍላችሁ ዝርዝር ደረሰኝ ይሰጧችኋል፤ ለኢንሹራንሳችሁ ትልካላችሁ፤ ከኔትወርክ ውጭ ለሆነ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ለሌለው) ባለሙያ የሚከፍል ፕላን ካላችሁ የተወሰነው ይመለሳል። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ደውላችሁ ይህንኑ ጠይቁ። እንደ ገቢ መጠን የሚቀነስ ዋጋ አላቸው፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ መጠየቅን አትፈሩ፣ አያሳፍርም። እኛ በየሳምንቱ ጀምረን ቆይተን በየሁለት ሳምንቱ አደረግነው፤ ካውንስለሯም ራሷ ናት ይበቃል ያለችው። ይህን መክፈል ለማይችል ሰው፣ በኮሌጅ ፓርክ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዲሲ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሠልጣኞች በመምህራን ክትትል የሚያክሙባቸው ክሊኒኮች አሏቸው፤ ዋጋቸው ይቀላል።

ከልጄ ቀጠሮ ጎን ለጎን በካውንስለሯ ምክር የወላጆች ቡድን ውስጥ ገባሁ፤ ማታ ማታ በዙም ነው። ቡድኑ የሚሠራው ባለተሰጥኦ ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን የሚደግፈው ሴንግ የተባለው ድርጅት ባዘጋጀው መንገድ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ዴይተን፣ ኦሃዮ በራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ባለሙያው በጄምስ ዌብ ተመሠረተ፤ መነሻውም ከዚያ አንድ ዓመት በፊት አንድ ባለተሰጥኦ ወጣት ራሱን ማጥፋቱና ቤተሰቦቹ ሌሎች ወላጆች እርዳታ እንዲያገኙ መጠየቃቸው ነው። በሐዘን ላይ ያለ ወላጅ ለሌላ ወላጅ ማሰቡን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። የሠለጠኑ ሁለት አወያዮች አሉ፤ ሌክቸር የለም። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይነሳል፦ ተነሳሽነት፣ ሥርዓት ማስያዝ፣ ጭንቀት፣ ጓደኛ፣ ወንድምና እህት፣ የቤተሰብ ወግ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት የወንድሟ ጉዳይ ነበር። ታናሽ ልጄ የእሷ ዕንባ ቤቱን ሁሉ ሲይዘው ዝም ማለት ለምዶ ነበር። አንዲት ኮሪያዊት እናት ስለ ሁለተኛ ልጇ ስታወራ የራሴን ቤት ሰማሁ። አሁን እሑድ ጠዋት ከአባቱ ጋር ብቻውን ኳስ ይሄዳል።

ይህ አገልግሎት ለማን አይሆንም? ልጁ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው ይህ ዓይነቱ ቢሮ አይበቃም፤ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወደ 988 (የአሜሪካ የአስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ ስልክ) ደውሉ ወይም ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ፈጣን ለውጥ ለሚፈልግ ወላጅም አይሆንም። ልጄ ዛሬም አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች፤ ጫጫታም አሁንም ያማታል። የተለወጠው ሲያማት የምታደርገውን ማወቋ ነው፤ የጆሮ መሸፈኛዋን ታደርጋለች፣ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ሌላ ቢሮ ለምትፈልጉ፣ በመጀመሪያው ስልክ እነዚህን ጠይቁ፦ ከሚስሉ፣ ከሚጽፉ፣ ከሚዘምሩ ልጆች ጋር ምን ያህል ሠርተዋል? የሰውነት ምርመራ ይጠይቃሉ? ወላጅን የሚያገኙት እንዴት ነው? አያት መምጣት ትችላለች? ፈቃዱ ካለ ባለሙያ ጋር እንደሆነም አረጋግጡ፤ የሜሪላንድ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ መዝገብ በኢንተርኔት ክፍት ነው። ትምህርት ሲከፈት ሁሉም ስለሚደውል ወረፋው ይረዝማል፤ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ብትደውሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለውን ቀጠሮ ታገኛላችሁ።